ጎፈንድሚ ለማህበር ገንዘብ ማሰባሰቢያ ይሆናል ወይ?

አሜሪካ የምንኖር ሐበሾች ዋትስአፕና ቴሌግራማችን ላይ የጎፈንድሚ፣ ማለትም በኢንተርኔት ከሰው ገንዘብ የሚሰበሰብበት ገጽ፣ ሊንክ ሳይመጣ የሚያልፍ ሳምንት የለም ማለት ይቻላል። ሰው ሲያርፍ አስከሬን ወደ አገር ቤት ለመላክ፣ ልጅ ሲታመም፣ የአንዱ ቤት ሲቃጠል። አሁን አሁን ደግሞ የተማርንበትን ትምህርት ቤት ለማሳደስ፣ ለጤና ጣቢያ አልጋ ለመግዛት፣ ለቀበሌው የውሃ ጉድጓድ ለማስቆፈር። እኔ የምጽፈው ስለዚህ ስለኋለኛው ነው። የድሮ ተማሪዎች ማህበር ወይም የትውልድ ቀዬ ልማት ማህበር ያላችሁ ሰዎች በየስብሰባው "ጎፈንድሚ እንክፈት?" እያላችሁ ትከራከራላችሁ። እኔም ዲሲ አካባቢ እንዲህ ባለ ማህበር ውስጥ ገንዘብ የማሰባሰቡን ስራ ስለምሰራ፣ የማስበውን ሳልሸፋፍን ልናገር።

ለድንገተኛ ጥሪ ጎፈንድሚ በጣም ጥሩ ነው። ከአምስት ኮከብ አራት እሰጠዋለሁ። ዓመት ከዓመት ለሚሰራ ማህበር ግን ሁለት ብቻ ነው የምሰጠው።

ጥሩውን ላስቀድም። መክፈቱ ቀላል ነው። ፎቶ ታስገባላችሁ፣ ታሪኩን ትጽፋላችሁ፣ የምትፈልጉትን መጠን ታስቀምጣላችሁ፣ አለቀ። ስሙን ሁሉም ሰው ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ያለ ስለሆነ የመስሪያ ቤት ፈረንጅ ባልደረባችሁም፣ የልጃችሁ አስተማሪም ሳይጠራጠሩ ካርዳቸውን ያስገቡበታል። "በዚህ ስልክ ቁጥር ዜል አድርጊልኝ" (ከባንክ ወደ ባንክ በስልክ ላኪልኝ) ብትሏት ግን ያቺ አስተማሪ ግራ ይገባታል። ማጭበርበር ከተገኘ ደግሞ ሰጪው እስከ አንድ ዓመት ድረስ ገንዘቡን እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል። ሌላው የምወደው ነገር የሰጪዎቹ ስም ዝርዝር ነው። እኛ ዘንድ ሰው ማን እንደሰጠ ያያል። የአብሮ አደጉን ስም ሲያይ እሱም እጁን ይዘረጋል። ስሙ እንዲታይ የማይፈልግም መደበቅ ይችላል።

አሁን ወደ ክፍያው። እዚህ አሜሪካ በግለሰብ ስም በተከፈተ ገጽ ላይ ከእያንዳንዱ ስጦታ 2.9 በመቶ እና 30 ሳንቲም ይቆረጣል። 100 ዶላር የሰጠ ሰው 96 ዶላር ከ80 ሳንቲሙ ይደርሳል ማለት ነው። ይሄ ምንም አይደለም። ችግሩ ትንንሹ ስጦታ ላይ ነው። 10 ዶላር ላይ ወደ 60 ሳንቲም፣ 5 ዶላር ላይ ደግሞ 45 ሳንቲም ገደማ ይሄዳል፤ ይህ 9 በመቶ ሊሆን ነው። ስለዚህ "አምስት አምስት ዶላር እናዋጣ" የሚለው ሐሳብ ጎፈንድሚ ላይ አያዋጣም። አምስት አምስት ዶላር የምትሰበስቡ ከሆነ አንድ ሰው በእጅ ሰብስቦ በአንድ ላይ ያስገባው።

ከዚህ የሚብሰው ግን ቲፑ ነው። ሰጪው የሚሰጠውን መጠን ሲያስገባ፣ ከስር ለራሱ ለጎፈንድሚ የሚሄድ ቲፕ (ጉርሻ) አስቀድሞ ተሞልቶ ይመጣል። ግዴታ አይደለም፤ ወደ ዜሮ ማውረድ ይቻላል። ግን ቲፕ መሆኑን ያላወቀ ሰው፣ በተለይ እንግሊዝኛውን ቶሎ የማያነቡ እናቶቻችንና አባቶቻችን፣ ዝም ብለው ያልፉታል። ድርጅቱ የሚተዳደረው በዚህ መሆኑ ይገባኛል፣ ግን አቀማመጡ አይመቸኝም። ሊንኩን ስትልኩ ሁልጊዜ በአማርኛ ይህን ጻፉበት፦ "ከስር የሚመጣው ቲፕ ለጎፈንድሚ ነው፣ ለትምህርት ቤቱ አይደርስም፤ ካልፈለጋችሁ ዜሮ አድርጉት።" አንድ መስመር ብቻ ነው፣ ግን ብዙ ገንዘብ ያድናል።

ሌላው ትልቅ ነገር፦ ጎፈንድሚ ኢትዮጵያ ውስጥ ላለ የባንክ ሂሳብ ገንዘብ አይከፍልም። ገንዘቡ የሚወጣው አሜሪካ፣ ካናዳ፣ አውሮፓ ወይም እነሱ ከሚሰሩባቸው ሌሎች አገሮች ባንክ ላለው ሰው ነው። አዲስ አበባ ያለችው ርዕሰ መምህርት ራሷ ከፍታ ራሷ ማውጣት አትችልም። ስለዚህ ጥያቄው ወዲያው ወደ ሌላ ነገር ይዞራል፤ ገንዘቡ በማን ስም ይግባ? እዚህ ላይ ነው ማህበሮች የሚጣሉት። ሰላሳ ሺህ ዶላር በአንድ ሰው የግል ሂሳብ ገብቶ ያ ሰው የቱንም ያህል ታማኝ ቢሆን ሐሜት አይቀርለትም። በዚያ ላይ የሚቀበለው ሰው ስም መታወቂያውም ባንኩም ላይ አንድ ዓይነት መሆን አለበት። እኛ ደግሞ አንዱ ቦታ በአባት፣ ሌላው ቦታ በአያት ስም ተመዝግበን እንገኛለን። ገጹን ከመክፈታችሁ በፊት ይህን አጣሩ።

የኔ ምክር ማህበሩን ራሱን ሕጋዊ አድርጉት ነው። 501(ሲ)(3) የሚባለው፣ የበጎ አድራጎት ማህበርን ከታክስ ነፃ የሚያደርገው ፈቃድ፣ እንደሚወራው ከባድ አይደለም። የዓመት ገቢው ከ50,000 ዶላር የማይበልጥ ትንሽ ማህበር አጭሩን ቅጽ፣ 1023-ኢዚ የሚባለውን፣ በኢንተርኔት ሞልቶ 275 ዶላር ከፍሎ ማመልከት ይችላል። ይህ ሲኖራችሁ ብዙ በር ይከፈታል። በግለሰብ ስም የተከፈተ ጎፈንድሚ ላይ የሰጠ ሰው ታክስ ከሚከፍልበት ገቢው ላይ ምንም አይቀነስለትም። ፈቃድ ላለው ማህበር ሲሰጥ ግን ይቀነስለታል። እ.ኤ.አ. ከ2026 ጀምሮ ደግሞ ታክስ ሲሞላ ወጪውን በዝርዝር የማያስገባው ተራ ታክስ ከፋይም እስከ 1,000 ዶላር፣ ባልና ሚስት አብረው ካስገቡ እስከ 2,000 ዶላር ድረስ ከሰጡት ላይ ይታሰብላቸዋል። ታክሲ የሚነዳውም፣ ነርሷም፣ ሁላችንም የምንጠቀምበት ነው። 250 ዶላርና ከዚያ በላይ ለሰጠ ሰው የማረጋገጫ ደብዳቤ መስጠት እንዳትረሱ። እንደ ማይክሮሶፍትና ጉግል ያሉ መስሪያ ቤቶች ደግሞ ሰራተኛቸው የሰጠውን ያህል ጨምረው ይሰጣሉ። ልጆቻችን እዚያ እየሰሩ ነው። የሚጠይቃቸው ግን የለም።

ፈቃድ ካላችሁ አንድ ነገር ቼክ አድርጉ። ጎፈንድሚ እ.ኤ.አ. በ2025 ሳያማክራቸው ለ1.4 ሚሊዮን የአሜሪካ በጎ አድራጎት ድርጅቶች ገጽ ከፍቶላቸው ነበር። ድርጅቶቹ ሲቆጡ ይቅርታ ጠይቆ አሰራሩን ቀይሯል። ቢሆንም የማህበራችሁን ስም ፈልጉና እዩ። የማታውቁት ገጽ በስማችሁ እንዲቆም አትፍቀዱ።

ይሄ ሁሉ ግን ስለ ዕቃው ነው። ገንዘቡን የሚያመጣው ሌላ ነው። ሊንኩ እንደ ሙዳየ ምጽዋት ነው፣ ሰው ካልመጣ ባዶውን ይቆማል። ብዙ ማህበር የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ገጹን ይከፍታል፣ ግሩፕ ላይ ይለጥፋል፣ ይጠብቃል። ሰው ገብቶ ዜሮ ሲያይ ተመልሶ ይወጣል። ሊንኩ ለሕዝብ ከመውጣቱ በፊት የኮሚቴው አባላት ራሳቸው መጀመሪያ ይስጡ። ቀጥሎ ለቅርብ ሰው ይደወል። በቴክስት አይደለም፣ በስልክ። "ጋሼ፣ እርስዎ ካልጀመሩልን ሰው አይከተልም" የሚል አንድ ስልክ ከመቶ ፎርዋርድ ይበልጣል። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሻይ ሲጠጣ አንድ ሰው ስልኩን ይዞ ከእናቶች ጎን ይቀመጥና ያግዛቸው።

የምትጠይቁት ነገርም የሚጨበጥ ይሁን። "ትምህርት ቤታችንን እንርዳ" ማንንም አያንቀሳቅስም። አገር ቤት ካለው አናጢ ወይም ብረት ሰሪ ፕሮፎርማ አስመጡ። አንድ ባለ ሦስት ሰው ዴስክ ስንት ብር እንደሆነ፣ በዶላር ስንት እንደሚመጣ አስሉና ፕሮፎርማውን ራሱን ገጹ ላይ አስቀምጡት። ሰው "እኔ ሁለት ዴስክ" ማለት ይወዳል። ዋጋው ወደ ብር ሲዞር የባንክ ምንዛሪ ተጠቀሙ። ብር ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ ዋጋ ስለሚመነዘር፣ በባንክ ስንልክ እንደ ድሮው ብዙ አንጎዳም። ደረሰኝ ያለው ገንዘብ ነው ለሰጪ የሚቀርበው።

ለቋሚው ስራ ምን ይሻላል? ፈቃድ ላላቸው ማህበሮች ዜፊ የሚባለውን የገንዘብ ማሰባሰቢያ ድረ ገጽ እመርጣለሁ። መነሻው ካናዳ ነው፣ አሜሪካም ይሰራል፣ የካርዱን ክፍያ ራሱ ስለሚሸፍን የተሰጠው ሙሉ በሙሉ ይደርሳችኋል። የሚተዳደረው እሱም በሰጪው ቲፕ ነውና ያቺን የአማርኛ መስመር እዚያም ጻፉ። ወርሃዊ መዋጮ ይቀበላል፣ የእራት ቲኬትም ይሸጥበታል። ወርሃዊ መዋጮ ለኛ አዲስ ነገር አይደለም፤ እድርና እቁብ ያሳደጉን ሰዎች ነን። እ.ኤ.አ. በ2018 በውጭ ያለን ለአገር ቤት ልማት የምናዋጣበት የዲያስፖራ ትረስት ፈንድ ሲቋቋም የቀረበው ጥሪ በቀን አንድ ዶላር የሚል ነበር፣ ሰውም ሚሊዮኖች አዋጥቶበታል። ሐሳቡ ለትንሽ ማህበርም ይሰራል። በወር 20 ዶላር የሚሰጡ 50 አባላት በዓመት 12,000 ዶላር ናቸው። ይሄ የአስተማሪ ድጎማ ሊሆን ይችላል፣ በጀት ሊያዝለት ይችላል። የጎፈንድሚ ገንዘብ ግን አንዴ ይመጣና ይደርቃል።

እርስ በርስ ለምንተዋወቅ ዜል ይበቃል፣ ክፍያም የለውም፣ መዝገብ የሚይዝ ሰው ብቻ መድቡ። እራትና ጨረታም አሁንም ከሁሉም ይበልጣል እላለሁ። ቤተ ክርስቲያን ለስእለት የመጣ ዣንጥላ ሲጫረት ያየ ሰው እንዴት እንደሚሞቅ ያውቀዋል። በየዓመቱ በሐምሌ 4 ሰሞን የሚደረገው የኢትዮጵያውያን የእግር ኳስ ፌስቲቫልም ከየስቴቱ ሰው የሚገናኝበት ስለሆነ፣ እዚያ የድሮ ተማሪዎችን ስልክ መሰብሰብ ብቻውን ትልቅ ስራ ነው።

ጎፈንድሚ ላይ ከከፈታችሁ አንድ ቁልፍ አለ፣ ብዙ ሰው አይነካውም። "አፕዴት" የሚለው ነው። እዚያ የምትለጥፉት ነገር ለሰጡት ሰዎች በኢሜይል ይደርሳቸዋል። ዴስኮቹ ሲጫኑ፣ ክፍል ሲገቡ፣ ደረሰኙን ጨምራችሁ ለጥፉ። ገንዘብ ከተረፈም ስንት እንደተረፈ ጻፉ። ይህን ሳታደርጉ ለሌላ ፕሮጀክት ሊንክ አትላኩ፣ የሰጡት ሰዎች መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ ስለ ዴስኮቹ ነው።