በኮሎራዶ ወንዝ ላይ ለመራችን ጋይድ

ይህ የምስጋና ጽሁፍ ነው። በአሜሪካ፣ በግራንድ ካንየን ገደል ውስጥ፣ በኮሎራዶ ወንዝ ላይ ሰው በጎማ ጀልባ ይዛ ለምትወርድ አንዲት ጋይድ (የጉዞ መሪ) ነው የምጽፈው። እኔን፣ ወንድሜንና ስድሳ ዓመት ያለፋትን አክስታችንን ከላይ ተረክባ ታች በሰላም አድርሳናለች። ስሟን አልጠቅስም፤ ስሟ በየቦታው እንዲነሳ የምትወድ ሰው አይደለችም። ያደረገችልንን ግን መናገር እፈልጋለሁ። እንዲህ ዓይነት ጉዞ የምታስቡ ካላችሁ፣ እንደ እሷ ያለ ሰው ፈልጉ።

ቦታውን ለማታውቁት በአጭሩ ላስረዳ። ጉዞው ሊስ ፌሪ ከሚባል ቦታ ይነሳል። ከዚያ ዳይመንድ ክሪክ ድረስ 226 ማይል ነው፤ ወደ 360 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ግራና ቀኙ ገደል ነው። ጥልቀቱ ቦታ ቦታ ላይ 1.6 ኪሎ ሜትር ገደማ ይደርሳል። ወንዙን ተከትሎ የሚሄድ የመኪና መንገድ የለም። የእጅ ስልክ አይሰራም። ሰው ክፉኛ ቢታመም ጋይዶቹ በሳተላይት ስልክ ይደውላሉ፣ ሄሊኮፕተር ይመጣል። ቶሎ ላይመጣም ይችላል። አንዴ ከገባችሁ ያላችሁ ጋይዳችሁ ነው።

አክስቴ ዋና አትችልም። ውሃም ትፈራለች። ጉዞውን የመረጠችው ግን ራሷ ናት። ገደሉን አፋፉ ላይ ቆማ አይታው ስለነበር፣ ከታች ሆኜ ካላየሁት ብላ ቆረጠች። መነሻው ላይ ጀልባዎቹ ሲጫኑ ጋይዷን ለብቻዋ ጠርታ «እወድቃለሁ ወይ?» ስትል ጠየቀቻት። አስተርጓሚው እኔ ነበርኩ።

እኔ የጠበቅኩት መልስ «አይዞዎት፣ ምንም አይፈጠርም» የሚለውን ነበር። ለፈራ ሰው ሁላችንም የምንለው እሱን ነው። እሷ ግን እንዲያ አላለችም። «ሊወድቁ ይችላሉ» አለቻት። «ሰው ይወድቃል። ቢወድቁ ምን እንደሚያደርጉ አሁን አብረን እንለማመድ።»

ከዚያ አክስቴን አሸዋው ላይ በጀርባዋ አስተኛቻት። እግር ውሃው ወደሚሄድበት አቅጣጫ፣ የእግር ጣት ከውሃ በላይ። ከድንጋይ ጋር የሚጋጨው እግር እንጂ ጭንቅላት እንዳይሆን ነው። «በምንም ዓይነት ለመቆም እንዳይሞክሩ» አለቻት። ምክንያቱንም ነገረቻት። በሚሮጥ ውሃ ውስጥ ለመቆም የሞከረ ሰው እግሩ በድንጋይ መሀል ሊቀረቀር ይችላል። ያኔ ውሃው ከኋላ ገፍቶ ይደፍቀዋል። ጉልበተኛም ቢሆን አይነሳም። ማዕበሉ ሲመጣ ትንፋሽ ይያዛል፣ ማዕበሉ ሲያልፍ ይተነፈሳል። ይህን ሁሉ አክስቴ አሸዋው ላይ ተኝታ ደጋገመችው። ማንም አልሳቀም፤ ጋይዷም አጠገቧ ተኝታ አብራት ትሰራ ነበር።

ቀጥሎ ላይፍ ጃኬቱ ነበር። ማሰሪያዎቹን ካጠበቀች በኋላ ትከሻው ላይ ይዛ ወደ ላይ ሳበችው። ወደ ጆሮ ከፍ ካለ ላልቷል ማለት ነው። ከፍ አለ። ፈታ እንደገና አጠበቀችው፣ እንደገና ሳበችው። አሁን አልተነቃነቀም። ይህን በየጠዋቱ ለሁሉም ሰው ታደርጋለች። ትናንት ያጠበቀችውን ዛሬም ታየዋለች። ወንድሜ ዋና የሚችል ሰው ስለሆነ አንድ ጠዋት «የኔ ደህና ነው» ብሏት ነበር። ፈገግ ብላ ሳበችው።

ውሃው ቀዝቃዛ ነው። ከሊስ ፌሪ በላይ ግሌን ካንየን የሚባል ግድብ አለ። ውሃ መያዝ የጀመረው በ1963 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው)። ከዚያ ወዲህ ወደ ካንየኑ የሚለቀቀው ፀሐይ ያላገኘው የሐይቁ ጥልቅ ውሃ ነው። በጁላይ የአየሩ ሙቀት ከ40 ዲግሪ በላይ ሲወጣ እንኳ ወንዙ እጅ ያደነዝዛል። እንዲህ ያለ ውሃ ውስጥ ድንገት የገባ ሰው መጀመሪያ የሚያጣው ትንፋሹን ነው። ጋይዷ አክስቴን እጇን ይዛ እስከ ጉልበቷ አስገባቻትና ፊቷን አስታጠበቻት። ትንፋሿ እስኪረጋ አብራት ቆመች። ብርዱን ቀድማ እንድታውቀው ነው። አሸዋው ላይ ከተማረችው ሁሉ ይህ ለአክስቴ የበለጠ እንደጠቀማት በኋላ ራሷ ነግራኛለች።

የወደቀው ግን ወንድሜ ነበር። ግራናይት የሚባል ራፒድ (ወንዙ በድንጋይ መሀል እየተናወጠ የሚንደረደርበት ቦታ) ላይ አንድ ማዕበል ከጎን መጥቶ ጀልባውን አነሳውና ወንድሜን ውሃ ውስጥ ጣለው። ጀልባው አጠገብ ብቅ አለ። ለእሱ የምትቀርበው አክስቴ ነበረች። ጋይዷ ከኋላ ሆና «ትከሻው ላይ!» ብላ ጮኸች። ይህንንም አሸዋ ላይ አስተምራን ነበር፤ የወደቀ ሰው የሚያዘው በክንዱ አይደለም፣ በላይፍ ጃኬቱ ትከሻ ነው። ከያዙት በኋላ ወደ ኋላ መውደቅ ነው፤ የሚያወጣው የክንድ ጉልበት ሳይሆን የሰውነት ክብደት ነው። አክስቴ ያዘችው፣ ወደ ኋላ ወደቀች፣ ወንድሜም ላይዋ ላይ ወደቀ። ሁለቱም ጀልባው ወለል ላይ ተኝተው ሳሉ ጋይዷ ቀዘፋውን ሳታቋርጥ ከራፒዱ አወጣችን። «ልትወድቂ ትችያለሽ» ተብላ የሰለጠነች ሴት ናት ያወጣችው። «ምንም አይፈጠርም» ብትባል ኖሮ እጇ የት እንደሚሄድ አታውቅም ነበር።

ስለ ራፒዶቹ ትንሽ ልበል፤ የጋይዷ ችሎታ የሚታየው እዚያ ነው። ኮሎራዶ ላይ አብዛኞቹን ራፒዶች የሚሠሯቸው የጎን ሸለቆዎች ናቸው። ድንገተኛ ጎርፍ ቋጥኝ እየገፋ አምጥቶ ወንዙ ውስጥ ይከምራል። ወንዙ ይጠብና ይንደረደራል። ክሪስታል የሚባለው ራፒድ እስከ 1966 ድረስ ያን ያህል የሚፈራ አልነበረም። በዚያ ዓመት ዲሴምበር ላይ የመጣ ጎርፍ ነው ዛሬ ጋይድ ሁሉ የሚጠነቀቅለት ያደረገው። በሌላው ዓለም የራፒድ አስቸጋሪነት የሚለካው ከ1 እስከ 6 ነው። ግራንድ ካንየን የራሱ መለኪያ አለው፤ ከ1 እስከ 10።

ከከባዶቹ አንዱ 179ኛው ማይል ላይ ያለው ላቫ ፎልስ ነው። ከመታየቱ በፊት ድምፁ ይሰማል። ጋይዷ ጀልባዎቹን ከላይ አስቁማ አሰረች። ውሃው ዳር አንዲት ቀጭን እንጨት አሸዋ ውስጥ ሰካች። ከዚያ ከላይ ወደሚያሳየው ድንጋይ ወጣች፣ እኛም ተከተልናት። ቁጭ ብላ ወንዙን አየችው። ብዙ አላወራችም። መሀሉ ላይ ውሃው ከድንጋይ ጠርዝ ወድቆ ወደ ኋላ የሚታጠፍበት ትልቅ ጉድጓድ አለ፤ ጀልባ ከገባበት ይገለብጠዋል። ከጉድጓዱ ጎን ቀጭን የአረፋ መስመር ትታያለች። መንገዱ እሷ ናት።

ስንመለስ እንጨቷን አየቻት። ውሃው እንጨቷን አልፎ ከፍ ብሏል። ከግድቡ የሚለቀቀው ውሃ እንደ ኤሌክትሪክ ፍላጎቱ በቀን ውስጥ ከፍ ዝቅ ይላል። ያ ለውጥ ወንዙን ወርዶ እዚህ ለመድረስ ረጅም ጊዜ ይወስድበታል። ውሃው ሲጨምርና ሲቀንስ ደግሞ ማለፊያው መስመር ይለያያል። «ትንሽ እንጠብቅ» አለች። ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ ሰው ተሰላችቷል፣ ሌላ ቡድን ቀድሞን ወረደ። እሷ ግን አልተንቀሳቀሰችም። ተመልሳ ወጣች፣ እንደገና አየች፣ ከሌሎቹ ጋይዶች ጋር ተማከረች። ያሰበችውን መስመር ለእያንዳንዳችን በጣቷ አሳየችን። አክስቴንም ጠየቀቻት፤ «በመቅዘፊያው ጀልባ ይሂዱ ወይስ ጭነት በያዘው በትልቁ?» አክስቴ ትልቁን መረጠች። ጋይዷም «ጥሩ ምርጫ ነው» ብላ ሌላ ነገር አልጨመረችም። መውረዱ ራሱ ሰከንዶች ነው የፈጀው። በሁለት ማዕበል ውስጥ ምንም አላየሁም፤ የምሰማው «ቅዘፉ! ቅዘፉ!» የሚል ድምጿን ብቻ ነበር። ከዚያ ወጣን።

እኔ የማመሰግናት ከመውረዱ ይልቅ ለመጠበቋ ነው። ነፋስ የበረታ ቀንም ነበር። ነፋሱ ጀልባውን ወደ ኋላ ይገፋ ነበር። የታቀደው ማደሪያ ገና ሩቅ ነው። ያገኘችው የአሸዋ ዳርቻ ጠባብ ቢሆንም እዚያው አሳደረችን። በማግስቱ ማልደን ተነስተን አካካስነው።

ማታ ማታ ታሪክ ትነግረናለች። አሜሪካዊው አሳሽ ጆን ዌስሊ ፓወል በ1869 በእንጨት ጀልባ ይህን ካንየን ሲያልፍ በጦርነት ቀኝ እጁን ያጣ ሰው ነበር። የጉዞው መጨረሻ ሲቃረብ ሦስት ሰዎቹ ራፒዶቹ በቃን ብለው በእግር ወጡ፤ ከዚያ በኋላ አልተገኙም። አክስቴ ግን የያዘችው ሌላውን ታሪክ ነው። በ1938 ኤልዛዳ ክሎቨርና ሎይስ ጆተር የተባሉ ሁለት የዕፅዋት ተመራማሪዎች በዚህ ወንዝ ወርደዋል። ካንየኑን በጀልባ ያቋረጡ የመጀመሪያዎቹ ሴቶች ተብለው ይታወቃሉ። ያኔ ቦታው ለሴት አይሆንም የሚሉ ሰዎች ነበሩ። ጆተር በ1994፣ በ80 ዓመቷ፣ ከሳይንቲስቶች ጋር ተመልሳ ወርዳለች። አክስቴ ይህን ስትሰማ «ሰማንያ?» ብላ ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ።

ብዙ ሰው ለመጠየቅ የሚያፍርበትን ነገር ደግሞ እኔ ልንገራችሁ፤ ሽንት ቤቱን። ካንየኑ ብሔራዊ ፓርክ ነው፤ በፓርኩ ደንብ መሠረት ዓይነ ምድር ሙሉ በሙሉ ተይዞ ይወጣል። በደንብ በሚዘጋ የብረት ሣጥን ውስጥ ይቀመጥና በጀልባ ተጭኖ እስከ መጨረሻው ይሄዳል። ሽንት ግን ወንዙ ውስጥ ነው። ዝናብ የማያጥበው የአሸዋ ዳርቻ ላይ ቢሸና ቦታው ይሸትታል፤ ትልቁ ወንዝ ግን ያቀጥነዋል። ጋይዷ ይህን የመጀመሪያው ቀን ምንም ሳታፍር በግልጽ ነገረችን። በየማደሪያው ሽንት ቤቱ የሚቀመጠው ከሰው ዓይን ራቅ ብሎ ነው። መንገዱ መግቢያ ላይ አንድ መቅዘፊያ ይቆማል። መቅዘፊያው ካለ ሰው የለም፤ የሚገባ ሰው ይዞት ይሄዳል። አክስቴ ከራፒዱ እኩል ያሳሰባት ይኸው ነገር ነበር፤ መቅዘፊያውን ካየች በኋላ ግን አርፋ ተኛች።

ያንን ሣጥን በየጠዋቱ ተሸክሞ ጀልባ ላይ የሚያስረው ረዳቷ ወጣት ነው። የእጅ መታጠቢያውንም ከሁሉ በፊት የሚያቆመው፣ ከሁሉ በኋላ የሚያነሳው እሱ ነው። ሰው ተጨናንቆ በሚኖርበት ጉዞ አንድ ሰው ሆዱን ከታመመ ሁሉም ሊታመም ይችላል። እኛ ጋ ማንም አልታመመም። ይህን ወጣትም ከልብ አመሰግነዋለሁ።

ለመሄድ የምታስቡ ጥቂት ነገር ልጠቁማችሁ። በፓርኩ ፈቃድ ከተሰጣቸው ድርጅቶች ጋር ብቻ ሂዱ፤ ዝርዝራቸውን የአሜሪካ ብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ያወጣዋል። ቦታ ቶሎ ስለሚሞላ ከአንድ ዓመት በፊት ጀምሩ። ሞተር ያለውና በመቅዘፊያ የሚሄደው ጀልባ በጣም ይለያያሉ። በሞተር ቶሎ ይደረሳል። እኔ ጊዜ ላለው ሰው መቅዘፊያውን እመክራለሁ፤ ወንዙና ወፎቹ ይሰማሉ። ግማሹን ብቻ ሄዶ ካንየኑ ውስጥ ባለው ማረፊያ፣ ፋንተም ራንች፣ ከጀልባ መውረድም ይቻላል፤ ግን ከዚያ በብራይት ኤንጅል መንገድ ወደ 16 ኪሎ ሜትር፣ ከ1300 ሜትር በላይ ዳገት በእግር ይወጣል። በሙቀት ወቅት ቀላል እንዳይመስላችሁ። የልብ ወይም የመገጣጠሚያ ሕመም ያለበት ሰው ሐኪሙን ያማክር፣ ለድርጅቱም ሳይደብቅ ይናገር። ስትደውሉ ዋናው ጋይድ ማን እንደሆነና ስንት ዓመት በዚያው ወንዝ ላይ እንደሠራ ጠይቁ። ከዚያ የሚያስፈራችሁን ነገር በቀጥታ ጠይቁ። ማባበል ከጀመሩ ሌላ ድርጅት ፈልጉ።

አክስቴ ደግሞ ከወንዙ በወጣች ማግስት እንደገና እንድመዘግባት ጠየቀችኝ። በፓርኩ ደንብ አንድ ሰው በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ በዚህ ወንዝ ለመዝናናት መውረድ አይፈቀድለትም። ስለዚህ ለሚቀጥለው ዓመት አስመዝግቤያታለሁ፤ ከዚያችው ጋይድ ጋር።