ፕሪሲዥን፣ ጃዝ ወይስ ስቲንግሬይ? ለሮክ ከቨር ባንድ የሚሆን ቤዝ ጊታር

ሱቅ ውስጥ ብቻውን ሲመታ የማያምር ቤዝ የለም። ጉዱ የሚታየው ድራሙና ዲስቶርሽን (ድምፅን የሚያሻክር ኢፌክት) የጫኑ ሁለት ጊታሮች አብረው ሲገቡ ነው። ያን ጊዜ ሱቅ ውስጥ ያማለላችሁ ወፍራም ድምፅ የት እንደገባ ይጠፋል። ከቨር፣ ማለትም የሌሎችን ዘፈን፣ የሚጫወት ባንድ ደግሞ በአንድ ምሽት ከኩዊን ወደ አይረን ሜይደን፣ ከዚያ ወደ ሬድ ሆት ቺሊ ፔፐርስ ይዘላል። በየዘፈኑ ቤዝ መቀየር የሚችል ብዙ ሰው ስለሌለ አንዱ ለሁሉም መብቃት አለበት።

ከፌንደር ፕሪሲዥን ልጀምር። እ.ኤ.አ. በ1951 ወጣ። ዛሬ የምናውቀውን ለሁለት የተከፈለ ፒክአፕ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ማግኔት) ያገኘው በ1957 ነው። አንድ የቮሊዩም ማዞሪያ፣ አንድ የቶን (ድምፅ ማለስለሻ) ማዞሪያ፣ አለቀ። ብቻውን ሲሰማ ትንሽ ደረቅ ያለ ነው፤ «ይሄ ነው እንዴ?» የሚል ሰው አይጠፋም። ባንድ መሀል ግን ጊታሮቹ በማይደርሱበት ቦታ ይቀመጣል፣ ማንም አይገፋውም። የኩዊኑ ጆን ዲከን፣ የአይረን ሜይደኑ ስቲቭ ሃሪስና የራሞንሱ ዲ ዲ ራሞን ሦስቱም የሚታወቁት በዚሁ ቤዝ ነው። ሃሪስ ለስላሳውን ፍላትዋውንድ ክር አስሮ በጣቱ ይጋልባል። ዲ ዲ ራሞን በፒክ (በጣት በምትያዝ ትንሽ የክር መምቻ) ወደ ታች ብቻ ይመታ ነበር። አንድ ዓይነት ቤዝ ይዘው ድምፃቸው አይገናኝም። ለከቨር የምፈልገው እንዲህ ያለውን ነው፤ ክር፣ ፒክና እጅ ሲቀየር አብሮ የሚቀየር።

ጃዝ ቤዝ በ1960 መጣ። ስሙ ጃዝ ይሁን እንጂ የሌድ ዘፔሊኑ ጆን ፖል ጆንስና የረሹ ጌዲ ሊ ሮክ የሠሩበት ነው። የአንገቱ ስፋት ጫፉ ላይ 38 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፤ የፕሪሲዥኑ 41 ወይም 42 ይሆናል። ትንሽ ልዩነት ትመስላለች፣ ግን አጠር ያለ ጣት ያለው ሰው ገና ሲይዘው ይገባዋል። ሁለት ፒክአፖች ስላሉት የድምፅ ምርጫው ሰፊ ነው።

ጣጣው ሁለት ነው። ሁለቱንም ቮሊዩም ሙሉ ስትከፍቱ መሀለኛው ድምፅ ይሳሳል፣ ጊታሮቹም ይውጡታል። አንዱን ስትቀንሱ ድምፁ ነፍስ ይዘራል፣ ግን «እዝዝዝ» የሚል ጩኸት ይከተላል። ሁለቱ እኩል ሲሆኑ የአንዱን ጩኸት ሌላው ስለሚያጠፋው ነው። ኤሌክትሪኩ የምድር ሽቦ በሌለው ቤት፣ መብራት ከተደረደረበት መድረክ አጠገብ ከቆማችሁ ደግሞ ይብሳል። ዘፈን በዘፈን መሀል ድምፃዊው ሲያወራ ቁልጭ ብሎ ይሰማል።

የሚዩዚክ ማን ስቲንግሬይ፣ የ1976 ልጅ፣ ጩኸት የሚያጠፋ ትልቅ ፒክአፕና በባትሪ የሚሠራ ፕሪአምፕ (ድምፁን ከቤዙ ሳይወጣ የሚያጎላ ክፍል) አለው። ድምፁ ይቆርጣል። የሬድ ሆት ቺሊ ፔፐርሱ ፍሊ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ይዞት ነበር፤ በአውራ ጣት ለመምታት ይመቻል። የ60ዎቹን ለስለስ ያለ ዘፈን ስትጫወቱበት ግን ብረት ብረት ይላል፣ ትሬብሉን (ቀጭኑን ድምፅ) መቀነስ ግድ ነው። ባለ 9 ቮልት ባትሪውንም አትርሱ። ብዙዎቹ ባለባትሪ ቤዞች ኬብሉ እንደተሰካ ካደረ ባትሪውን ይበላሉ። ባትሪው ሊያልቅ ሲል ድምፁ ይቀጥናል፣ ይሰነጠቃል፣ በመጨረሻ ዝም ይላል። ትርፍ ባትሪ ከኬዙ አይጥፋ።

እኔ ለከቨር ባንድ የመጀመሪያ ቤዝ ምረጥ ብባል የምመርጠው ከሦስቱ ውጪ ነው፦ ፒጄ የሚባለው፣ መሀል ላይ የፕሪሲዥን፣ ከታች የጃዝ ፒክአፕ ያለው። የገንዝ ኤንድ ሮዝሱ ደፍ ማኬገን የሚታወቀው በእንዲህ ዓይነቱ ነው። ስኳየር፣ ያማሃና አይባኔዝ በዝቅተኛ ዋጋ ይሠሩታል። አብዛኛውን ምሽት የፕሪሲዥኑን ብቻ ትከፍታላችሁ፤ ቤዙ ጎልቶ መውጣት ያለበት ዘፈን ሲመጣ ሌላውን ትጨምራላችሁ። ርካሾቹ ላይ የታችኛው ፒክአፕ ብዙ ጊዜ ደከም ያለ ነው፣ ብቻውን ሲከፈትም ይጮኻል። ለዋጋው እታገሰዋለሁ።

ባለ አምስት ክር ይሻላል ወይ ለሚል፣ የምትጫወቱት ከባድ ሜታል ካልሆነ አይሻልም። ወፍራሙን ክር ከኢ (E) ኖታ ወደ ዲ (D) ማውረድ ብዙውን ዘፈን ይሸፍናል። አምስተኛው ክር 31 ኸርዝ አካባቢ ስለሚወርድ ትንሽ አምፕ በደንብ አያወጣውም። አሥራዎቹ ውስጥ ላለ ልጅ የምትገዙ ከሆነ የክሩ ርዝመት 34 ኢንች ከሆነው ከተለመደው ይልቅ ባለ 30 ኢንቹን አስይዙት።

ያገለገለ ከሆነ አንገቱን እንደ ጠመንጃ አነጣጥራችሁ እዩት፤ የተጣመመውን ማቃናት ይቻላል፣ የተጠማዘዘውን ግን ተዉት። እያንዳንዱን ፍሬት (አንገቱ ላይ የተሰካውን የብረት መስመር) በየክሩ ምቱ። ማዞሪያዎቹን ስታዞሩ ከተንጫጩ ይጸዳሉ፣ ዋጋ ለማስቀነስም ይጠቅማሉ። በማሰሪያው አንጠልጥላችሁ ቁሙና እጃችሁን ልቀቁት፤ ራሱ ወደ መሬት ከተደፋ ሁለት ሰዓት ሙሉ በግራ እጃችሁ ደግፋችሁ ልትጫወቱ ነው።

ገንዘቡን ሁሉ ቤዙ ላይ አትጨርሱት። የመኝታ ቤት 15 ዋት አምፕ ድራም አጠገብ አይሰማም። 200 ዋትና ከዚያ በላይ ካለው ጋር ርካሽ ቤዝ ይዞ መቆም፣ ውድ ቤዝ ይዞ ከመታፈን ይሻላል። ከአሜሪካ ዘመድ ይዞልኝ ይምጣ የምትሉ ካላችሁ ቤዙን አስመጡ፤ የመብራት ቮልቴጅ አይመለከተውም። አምፑ ግን የ120 ቮልት ብቻ ከሆነ ኢትዮጵያ 220 ላይ ሲሰካ ይቃጠላል፣ ከኋላው የተጻፈውን ፎቶ አንስቶ ይላክላችሁ።