ባለ 6 ሜትር ኩብ ስንዱ የባዮጋዝ ማብላያ፦ ከብቱን አስሮ ለሚቀልብ ቤት

ስንዱ ከኔፓሉ ጂጂሲ 2047 ንድፍ ተወስዶ በብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም በኩል በአገራችን የተስፋፋ፣ ከመሬት በታች የሚገነባ፣ እበት አብላልቶ ለምድጃ የሚሆን ጋዝ የሚሰጥ ባለ ኮንክሪት ጉልላት ማብላያ ነው። ባለ 4፣ 6፣ 8 እና 10 ሜትር ኩብ ይሠራል። የምንገመግመው ባለ 6ቱን ነው።

ከዋጋው በፊት መታየት ያለበት ከብቱ የሚውልበት ቦታ ነው። ማብላያው በቀን ወደ 36 ኪሎ ትኩስ እበት ይፈልጋል። ቀኑን ሙሉ ታስራ የምትቀለብ የአገር ላም 10 ኪሎ ያህል ስለምትሰጥ አራት ከብት ይበቃል። ከብቱ በልቅ ግጦሽ የሚውል ከሆነ ግን የሚሰበሰበው የሌሊቱ ብቻ ነው፤ ሰባት ስምንት ከብት ያስፈልጋል። ማብላያውን ለመሙላት ብሎ ከብት መጨመር ደግሞ ትልቅ ጥፋት ነው። በክረምት እርጥብ ተዳፋት ላይ ሰኮና ሲበዛ አፈሩ ይጠቀጠቃል፣ ዝናቡ መስረጉ ይቀርና ጎርፍ ይሆናል፣ ሳሩም ሳያገግም ደግሞ ይጋጣል። ወደ 70 ሚሊዮን የቀንድ ከብት ባለበት አገር የወል ግጦሹ ይህን አይችልም። ስለዚህ ስንዱን የምንመክረው አጭዶ ለሚመግብ ሰው ብቻ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው፣ ግን ቸልታ አይወድም። በመግቢያው ገንዳ እበቱ ከእኩል ውሃ ጋር፣ ማለትም ወደ ሁለት ጀሪካን ከሚጠጋ ውሃ ጋር፣ ጓል እስኪጠፋ ይቦካል። ገለባና አፈር መለቀም አለበት፤ ገለባው ላይ ተንሳፍፎ ይጋገራል፣ አፈሩ ታች ይዘቅጣል፣ ሁለቱም የጋዙን ቦታ ይይዛሉ። የሳሙና ውሃና አንቲባዮቲክ የተወጋች ላም እበት አይግባ፤ ጋዙን የሚሠሩትን ባክቴሪያዎች ይገድላል። ውሃ ሩቅ በሆነበት ቀበሌ ብዙ ማብላያ ሥራ የሚያቆመው በጀሪካን ሸክም ምክንያት ነው። በብርቱ ደጋ ብርድ ደግሞ ጋዙ በግልጽ ይቀንሳል።

ከአንድ ኪሎ እበት 40 ሊትር ያህል ጋዝ ይገኛል። 36 ኪሎ ወደ 1,440 ሊትር ይሰጣል ማለት ነው፤ በሰዓት 400 ሊትር የሚወስድ ምድጃ ሦስት ሰዓት ተኩል ይነድበታል። ለወጥ፣ ለሻይና ለቡና በቂ ነው። ትልቁ ጉድለቱ እንጀራ ነው፤ የተለመደው ምድጃ ምጣድ አያግልም፤ ከቤት ማገዶ አብዛኛውን የሚፈጀው ደግሞ እንጀራ መጋገር ነው። እንጨት ሙሉ በሙሉ ይቀራል የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ አትመኑት።

ስለ አየር ንብረትም እውነቱ ይነገር። ከብት ሲያመሰኳ የሚያገሳውን ሚቴን (የባዮጋዙም ዋና ክፍል የሆነውን ጋዝ) ማብላያው አይነካውም፤ ከከብት የሚወጣው ሚቴን አብዛኛው ደግሞ ያ ነው። የሚያድነው ከእበቱ የሚወጣውንና የማገዶውን ነው፣ እሱም ጋዙ ከነደደ ብቻ። ሚቴን በ100 ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ያህል ስለሚያሞቅ፣ የሚያፈስ ማብላያ ባይሠራ ይሻላል። ጉልላቱ ከውስጥ በአምስት ደረጃ ይለሰናል፤ የመጨረሻው ሲሚንቶ ከአክሪሊክ ቀለም ጋር የተቀላቀለበት ነው። ግንበኛው አንዱን ከዘለለ ጋዙ በማይታይ ስንጥቅ ይሾልካል፤ ለመጠገን ማብላያውን ባዶ ማድረግ ያስፈልጋል።

ከሁሉ የወደድነው ጋዙን ሰጥቶ ከማብላያው የሚወጣውን ዝቃጭ ነው። ኩበት ሆኖ ይነድ የነበረው እበት ናይትሮጅኑን እንደያዘ ወደ ማሳ ይመለሳል። ዳስ ያላቸው ሁለት ጉድጓዶች ይቆፈሩለትና ከሳርና ከቅጠል ጋር እየተነባበረ ይብላላ፤ ፀሐይ ላይ ከተሰጣ ናይትሮጅኑ ይተናል። ለዴሾ ወይም ለዝሆኔ ሳር ብትሰጡት የታሰረውን ከብት መኖ መልሶ ያበቅላል።

የመጨረሻውን ክፍያ ከመፈጸማችሁ በፊት ቧንቧው ጋዝ እንደያዘ ዋናውን መዝጊያ ዝጉ፤ ምድጃውን ሳታበሩ የግፊት መለኪያውን ተመልከቱ። ከወረደ በየመጋጠሚያው የሳሙና አረፋ ቀቡ፤ አረፋው የሚነፋበት ቦታ ላይ ግንበኛው እዚያው ይጠግን።