ኮርስ ወይስ ማውንቴን? አዲስ አበባ ላይ ሳይክል ለምትገዙ

"ኮርስ ልግዛ ወይስ ማውንቴን?" የሚል ጥያቄ ሳይደርሰኝ የሚያልፍ ሳምንት የለም። ስለዚህ መልሱን አስቀድሜ ልናገርና ምክንያቱን ከሥር ላስረዳ። ኮርስ የምንለው ቀጭን ጎማ ያለውን የአስፋልት ሳይክል ነው፤ ማውንቴን ደግሞ ወፍራም ጎማ ያለውን የተራራ ሳይክል። የምትኖሩት አዲስ አበባ ከሆነና የመጀመሪያ ሳይክላችሁ ከሆነ ማውንቴን ግዙ፤ እሱም ከፊት ብቻ ሾክ (የመንገዱን ምት የሚያበርድ) ያለውን። ኮርስ የሚያዋጣው ከበራችሁ እስከ ዋናው መንገድ አስፋልት ሲሆን፣ ማለዳ 12 ሰዓት ላይ አብሯችሁ የሚወጣ ሰው ሲኖርና የኮርስ ዕቃ የለመደ ሠራተኛ ሰፈራችሁ አካባቢ ሲገኝ ነው። ከሦስቱ ሁለቱ ከተሟሉላችሁ ግን ኮርሱን ግዙ፣ አትቆጩም።

ሰው ሁለቱን ሲያወዳድር መጀመሪያ የሚያየው ክብደትና ፍጥነት ነው። ደህና ኮርስ ከ8 እስከ 10 ኪሎ ይመዝናል፤ ተራው ማውንቴን 14 እና 15 ኪሎ ይገባል። ለጥ ያለ አስፋልት ላይ ኮርሱ ጥሎት ይሄዳል፣ ክርክር የለውም። እግረ መንገዴን፦ የዓለም አቀፉ ብስክሌት ማኅበር ለውድድር የሚፈቅደው ዝቅተኛ ክብደት 6.8 ኪሎ ነው። ሻጭ ያገለገለ ኮርስ ይዞ "6 ኪሎ ብቻ ነው" ብሎ ሲምልላችሁ ሚዛን አምጣ በሉት።

እኔ ግን ከክብደቱ በፊት የምጠይቀው ሰፈራችሁን ነው። ኮብልስቶን ነው? የኮርስ ጎማ ስፋቱ 25 ወይም 28 ሚሊ ሜትር ነው፣ ተነፍቶም የሚሄደው ጠንክሮ ነው። ኮብልስቶን ላይ መሪው ከእጅ ሊያመልጥ ይታገላል፣ የውሃ መያዣው ከማቀፊያው ዘሎ ይወጣል፣ ከ10 ደቂቃ በኋላ ጣቶቻችሁ መደንዘዝ ይጀምራሉ። ሌላው አደጋ የጎርፍ መውረጃ ክዳን ነው። የብረቱ ክፍተቶች በምትሄዱበት አቅጣጫ ከተዘረጉ 25 ሚሊ ጎማ ሰተት ብሎ ይገባል። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን መንገር አያስፈልግም። የማውንቴን ጎማ 2.1 ወይም 2.25 ኢንች፣ ማለትም ከ53 እስከ 57 ሚሊ ስለሚሰፋ ላዩ ላይ አልፎ ይሄዳል። በኮሪደር ልማት የተሠሩት የሳይክል መስመሮች ነገሩን ለኮርስ ቀለል አድርገውታል፣ አይካድም። ግን መስመሩ የሆነ ቦታ ያልቃል። ከዚያ በኋላ እናንተና ሚኒባሱ ናችሁ።

አሁን ወደ ዳገቱ። ሰው ሁሉ "ስንት ማርሽ አለው?" ነው የሚለው። 21 ሲባል ደስ ይለዋል፣ 12 ሲባል ፊቱ ይጠቁራል። ቁጥሩ ምንም አይነግራችሁም። የሚነግራችሁ የጥርሱ ብዛት ነው። ከፊት ያለውን ትንሹን ማርሽና ከኋላ ያለውን ትልቁን ማርሽ ጥርስ ቁጠሩ፤ የፊቱን ለኋላው አካፍሉ። ውጤቱ ባነሰ ቁጥር ዳገት ይቀላል።

ምሳሌ ልስጥ። ያገለገለ የድሮ ኮርስ ብዙ ጊዜ ከፊት ትንሹ 39 ጥርስ፣ ከኋላ ትልቁ 25 ጥርስ ነው። በዚህ ማርሽ በደቂቃ 60 ጊዜ ለመርገጥ በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር ገደማ መሄድ አለባችሁ። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ነች፤ እንጦጦ ደግሞ ከ3,000 ይበልጣል። አየሩ ሳስቷል፣ ሳንባ ይጮኻል፣ እና እንጦጦን በ12 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚወጣ ጀማሪ እስካሁን አላየሁም። ፍጥነቱ ሲወርድ እግር ቀስ ብሎ በከባድ ኃይል ይረግጣል፤ ዋጋውን የሚከፍለው ጉልበት ነው። ከፊት 34 ከኋላ 28 የሆነ ኮርስ በዚያው አረጋገጥ 9 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበቃዋል። 34 በ34 ከሆነ 7.5 ገደማ። ከፊት አንድ 32 ጥርስ፣ ከኋላ እስከ 50 ያለው አዲስ ማውንቴን ግን በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ገደማ እየሄደ እግሩ ሳይጨነቅ ይሽከረከራል። ማርሹ ስንት ነው ካላችሁ 12 ብቻ ነው። ከ21ዱ ብዙዎቹ ተመሳሳይ ናቸው፣ እየተደጋገሙ ነው የሚቆጠሩት።

ስለዚህ ኮርስ የምትገዙ ከሆነ ከኋላ 32 ወይም 34 ጥርስ ያለውን ፈልጉ። "እሱ የሰነፍ ነው" የሚል ጎረምሳ አይጠፋም፤ እንጦጦ ላይ እንገናኝ በሉት።

በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ ውስጥ የሳይክል መንገድ አለ፣ ከባህር ዛፉ መሀል ደግሞ የአፈር መንገዶች። እዚያ ኮርስ ይዞ የሚገባ ሰው ግማሹን በእግሩ ነው የሚሄደው። በሌላ በኩል እሁድ ጠዋት በሱሉልታ በኩል ወደ ጫንጮ ለሚወጡት ኮርስ ደስታ ነው። መንገዱ ረጅም ነው፣ ንፋስ አለው፣ ተከታትሎ መሄድ ይቻላል፣ የፊተኛው ንፋሱን ሲቆርጥላችሁ ልዩነቱ ወዲያው ይሰማል። ማውንቴን ይዛችሁ ከኮርስ ቡድን ጋር ከወጣችሁ ቁርሳቸውን ጨርሰው ሲመለሱ ነው የምታገኟቸው። ማለዳ የሚያሳድዱት ውሾች ጉዳይም አለ፤ በዚህ ኮርስ አንድ ነጥብ ያገኛል።

የአዳማ ፈጣን መንገድን የምታስቡ ካላችሁ እርሱት፣ ለሳይክል አይፈቀድም። የድሮው የደብረ ዘይት መንገድ ላይ ደግሞ አይሱዙና ሲኖትራክ አለ። በትከሻው ጠጠር ላይ መውረድ ስለሚያስፈልግ እዚያም ወፈር ያለ ጎማ ይሻላል።

ስለ ጎማ ካነሳን ማንም ሻጭ የማይነግራችሁ ነገር አለ። የኮርስ ጎማ ንፋስ መግቢያው ቀጭን ነው፣ ጫፉ ላይ የምትፈታ ትንሽ ብሎን አለችው፤ ፕሬስታ ይባላል። የጎሚስታው መንፊያ የተሠራው ለመኪና ነው፣ አይገባለትም። ብዙ ማውንቴን፣ በተለይ ርካሹ፣ የመኪናውን ዓይነት ስለሚጠቀም የትም ቦታ ቆማችሁ ትነፋላችሁ። ለፕሬስታ የነሐስ ማገናኛ ያስፈልጋል፤ የጥፍር ያህል ነች፣ ኪስ ውስጥ ትጠፋለች። አጠቃቀሟ ቀላል ነው። ጫፉ ላይ ያለችውን ብሎን ትፈታላችሁ፣ በጣት ጫን ስትሏት ትስ ትላለች፣ ከዚያ ማገናኛዋን ትጠመዝዛላችሁ። ጎሚስታውን ግን "ቀስ" በሉት። የኮርስ ጎማ የሚይዘው አየር ትንሽ ስለሆነ የኮምፕረሰሩ ግፊት በሰከንድ ሞልቶ ያፈነዳዋል። 25 ሚሊ ጎማ ለመካከለኛ ክብደት ሰው ከ80 እስከ 90 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) ይበቃዋል። ማውንቴን አፈር ላይ ከ25 እስከ 30። "ደርቆ ይሂድ" ብሎ ማውንቴኑን 50 አስነፍቶ ጠጠር ላይ እንደ ኳስ የሚነጥር ሰው ብዙ ነው፤ ያን ያህል ከተነፋ የሰፊው ጎማ ጥቅም ምኑ ላይ ነው?

የጎማ ልክም ተመልከቱ። 26 ኢንች የድሮው የማውንቴን ልክ ነው፣ በየሱቁ አለ። 29 ደግሞ ከኮርሱ 700 ጋር የቸርኬው ዲያሜትር አንድ ነው፣ ሁለቱም 622 ሚሊ። ጎማው ጎን ላይ ተጽፏል፣ አንብቡት። ይህ የሚጠቅማችሁ እዚህ ላይ ነው፦ 29 ማውንቴን ካላችሁ ከ45 እስከ 50 ሚሊ የሆነ ለስላሳ ጎማ ገዝታችሁ ለአስፋልት ሳምንት መቀየር ትችላላችሁ። ኮርስ አይሆንም፣ ግን ያ የጎማው ጥርስ ጩኸት ይጠፋል፣ ፍጥነቱም ይጨምራል። ኮርስን ወደ ማውንቴን መቀየር ግን አይሞከርም፣ ሹካው ውስጥ ወፍራም ጎማ አይገባም።

ፍሬን። ክረምት ላይ ቸርኬውን የሚይዘው ጎማ ፍሬን ጭቃና አሸዋ ይዞ ቸርኬውን እንደ ሞረድ ይበላዋል፤ ዝናብ ውስጥም ለመያዝ ይዘገያል። የጎማውን ጠርዝ ሳይሆን መሀል ላይ ያለውን ክብ ብረት የሚይዘው ዲስክ ይሻላል። ዲስኩ ግን ሁለት ዓይነት ነው። በገመድ የሚሠራውን ማንም ያስተካክልላችኋል፣ ገመዱም የትም ይገኛል። በዘይት የሚሠራው በአንድ ጣት ይይዛል፣ ከእንጦጦ ስትወርዱ እጅ አያደክምም፣ እኔ እሱን ነው የምመርጠው። ችግሩ ዘይት ሲያፈስ ነው። ሺማኖ የሚጠቀመው ሚኒራል ዘይት ነው። የመኪና ፍሬን ዘይት ከተጨመረበት የውስጡ ጎማዎች ያብጣሉ፣ ፍሬኑ ይበላሻል። "ዘይት ዘይት ነው" የሚል ሠራተኛ ካጋጠማችሁ ሳይክሉን ይዛችሁ ውጡ።

ከፊትም ከኋላም ሾክ ያለው ርካሽ ማውንቴን አትግዙ። በቃ። ውድ ሲሆን ድንቅ ነው፣ ርካሽ ሲሆን ውስጡ ሞላ ብቻ ነው፤ ስትረግጡ ጉልበታችሁን ይውጣል፣ ብዙም ሳይቆይ መገጣጠሚያው ይላላል፣ ክብደቱ 17 ኪሎ ይደርሳል።

መሀል ላይ ያለው ግራቭልስ? መሪው የኮርስ፣ ጎማው 40 ሚሊ ገደማ፣ ማርሹ ለዳገት የሚሆን። ለእኛ መንገድ የተሠራ ይመስላል፣ እውነቴን ነው። እዚህ ሱቅ ውስጥ እምብዛም አይገኝም እንጂ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁና ሻንጣ ውስጥ የሚገባበት መንገድ ካለ፣ ኮርስና ማውንቴን የሚለውን ክርክር ትታችሁ እሱን አስመጡ። መለዋወጫውንም አብራችሁ አስመጡ፤ ቢያንስ የፍሬን ሸራና አንድ ሰንሰለት።

መቀሌ ላሉ አንባቢዎች የጻፍኩት ግማሹ አይሠራም። እዚያ ኮርስ ባህል ነው፣ ሠራተኛውም ዕቃውን ያውቀዋል። በ2016 እ.ኤ.አ. ቱር ደ ፍራንስ ላይ የተወዳደረው የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ጽጋቡ ግርማይ የተገኘው ከዚያው ነው። እዚያ የምትኖሩ ከሆነ ኮርስ ግዙ፣ መጠየቅም አያስፈልጋችሁም።

ያገለገለ ለምትገዙ፣ ኮርስም ይሁን ማውንቴን፣ ከመክፈላችሁ በፊት እነዚህን እዩ። የፊት ፍሬኑን ይዛችሁ ሳይክሉን ወደፊትና ወደኋላ ግፉት፤ መሪው ሥር "ቀጭ ቀጭ" የሚል ነገር ከተሰማችሁ የላላ ወይም ያለቀ ኩሽኔታ አለ። ጎማውን አንስታችሁ አሽከርክሩና ከፍሬኑ ጋር ያለውን ክፍተት ተመልከቱ፣ የሚጠጋና የሚርቅ ከሆነ ቸርኬው ተጣሟል። ለሰንሰለቱ ማስመሪያ ያዙ። አዲስ ሰንሰለት ላይ ከአንድ ፒን መሀል ተነስታችሁ 12 ኢንች ስትለኩ ማስመሪያው ልክ ሌላ ፒን መሀል ላይ ያርፋል። ፒኑ የኢንች አንድ አሥራ ስድስተኛ ካለፈ ሰንሰለቱ አልቋል፤ አንድ ስምንተኛ ካለፈ ደግሞ የኋላ ማርሹንም በልቶታል፣ ከዋጋው ላይ የሁለቱንም አስቀንሱ። አካሉ ካርቦን ከሆነ አዲስ ቀለም የተቀባውን ተጠራጠሩ። ቀለም ስንጥቅ ይደብቃል፣ የተሰነጠቀ ካርቦን ደግሞ ሳያስጠነቅቅ ነው የሚሰበረው። እኔ በበኩሌ እዚህ ከተማ ያገለገለ ካርቦን ከማላውቀው ሰው አልገዛም፤ አሉሚኒየም ይበቃኛል።

ልኩ ያልሆነ ሳይክል በነፃ ቢሰጣችሁም አይጠቅምም። ቁመታችሁ 1.70 ገደማ ከሆነ የአካሉ ልክ ለኮርስ 52 ወይም 54 ሴንቲ ሜትር፣ ለማውንቴን 17 ኢንች አካባቢ የሆነውን ፈልጉ፤ ከዚያ ግን ወጥታችሁ ሞክሩት። ኮርቻው ላይ ተቀምጣችሁ ተረከዛችሁን ፔዳሉ ላይ ስታደርጉ፣ ፔዳሉ ታች ሲደርስ እግራችሁ ቀጥ ማለት አለበት። በርካታ ሰው ኮርቻውን አውርዶ ነው የሚነዳው፣ ከዚያ "ሳይክል ጉልበቴን ጎዳኝ" ይላል።

በጀታችሁን በሙሉ ሳይክሉ ላይ አትጨርሱ። ሄልሜት፣ የኋላ ቀይ መብራት፣ መንፊያ፣ የውስጥ ጎማና ጓንት የግድ ናቸው። ለሰንሰለት የሞተር ዘይት አትቀቡ፤ በጋ ላይ አቧራውን ሰብስቦ ጥቁር ጭቃ ይሠራል፣ ጭቃው ማርሹን ይፈጫል። የሰንሰለት ዘይት ጠብ ጠብ አድርጋችሁ ትርፉን በጨርቅ ጥረጉት። ዋጋ ጨርሳችሁ ከመክፈላችሁ በፊት ደግሞ ሻጩን አንድ የውስጥ ጎማ መርቅልኝ በሉት። ኮርስ ከሆነ የነሐሷን ማገናኛም ጨምሩበት። ብዙዎቹ እምቢ አይሉም።