ማዮማ አለባችሁ ለተባላችሁ እህቶች፣ እና ለአንዲት ዶክተር ምስጋና

አዲስ አበባ የምትሠራ አንዲት የማህፀን ሐኪም በአደባባይ ማመስገን እፈልጋለሁ። ስሟን እዚህ እንድጽፍ ስላልፈለገች ለምትጠይቁኝ በውስጥ መስመር እነግራችኋለሁ።

እኔና አክስቴ በአንድ ሰሞን ማዮማ (ማህፀን ላይ የሚበቅል እጢ) አለባችሁ ተባልን። የእሷ 7 ሴንቲ ሜትር፣ የእኔ 2 ተኩል። ቤተሰቡ በሙሉ ለአክስቴ ተጨነቀ፤ እኔንማ «ያንቺ ትንሽ ናት» ብለው አለፉኝ። አክስቴን ሌላ ቦታ በአንድ አልትራሳውንድ ብቻ «ማህፀንሽ ይውጣ» ብለዋት ነበር።

ይህቺ ዶክተር ግን ወረቀቱን ሳታነሳ ስለ ደሙ ጠየቀችን። ስንት ቀን ይፈሳል? ሞዴስ በስንት ሰዓት ይሞላል? የረጋ ደም አለው? ሽንትስ ቶሎ ቶሎ ይመጣል? አክስቴ ካረጠች ቆይታለች፤ ደምም ሕመምም የላትም፤ እጢው ወደ ማህፀን ውጭ ያደገ ነው። ማዮማን የሚያሳድገው ሆርሞን ከማረጥ በኋላ ስለሚቀንስ እጢው አብዛኛውን ጊዜ እየሟሸሸ ይሄዳል። «እንከታተለዋለን እንጂ አንነካውም። ካደገ ወይም ደም ካየሽ ግን ሳታድሪ ነይ» አለቻት።

የእኔዋ «ትንሽ» ደግሞ የማህፀኔ ውስጠኛ ክፍል ውስጥ ነበረች። ሄሞግሎቢኔ (የደም ማነስን የሚያሳየው ቁጥር) 7 ገብቷል፤ ለሴት 12 እና ከዚያ በላይ ነው የሚፈለገው። ደረጃ መውጣት ሲያቅተኝ ዘመድ ሁሉ በጾም ያሳብብልኝ ነበር! አይረንና የሚፈሰውን ደም የሚቀንስ መድኃኒት ሰጥታኝ ደሜ ሲስተካከል፣ ሆዴ ሳይከፈት በማህፀን በር በኩል ካሜራ አስገብታ አወጣችው። ማህፀኔ ቦታው አለ። ሌላ ማዮማ ሊበቅል እንደሚችልም አልደበቀችኝም፤ እኔ ያመንኳት እዚህ ላይ ነው።

ማዮማ ካንሰር የመሆን ዕድሉ በጣም አነስተኛ ነው፤ ምልክት ከሌለው ብዙ ጊዜ ሕክምና አይፈልግም። የወር አበባችሁ ከ7 ቀን ካለፈ፣ በየሰዓቱ ሞዴስ ካስቀየራችሁ ወይም እርግዝና እምቢ ካለ ግን ታዩ። ካረጣችሁ በኋላ ጠብታ ደምም ብትሆን ዝም አትበሏት። ኦቫሪ (የእንቁላል ማፍሪያ) ላይ ውሃ የቋጠረ ሲስት ያለባችሁ፣ አብዛኛው በሁለት ሦስት ወር በራሱ ይጠፋል፤ ድንገት ኃይለኛ ቁርጠት ከማስመለስ ጋር ከመጣ ግን ቀጠሮ ሳትጠብቁ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

ወደ እሷ የምትሄዱ የድሮ የአልትራሳውንድ ውጤታችሁን ያዙ፤ እድገቱን የምታውቀው አስተያይታ ነው። ጠዋት ግቡ፣ ከሰዓት ወረፋው አይቻልም።