ላብ የሚያልበው ግድግዳ፦ ጅማ ላይ የገዛነው የታደሰ የጣሊያን ጊዜ ቤት ከ11 ወር በኋላ

ቤቱን ያየነው በጥር ነው። ስህተቱ እዚያ ላይ ይጀምራል። ጅማ ላይ ቤት በጥር ማየት ማለት ሙሽራን በሠርጓ ቀን አይቶ መልኳ ይሄ ነው እንደማለት ነው። ደላላው በሩን ሲከፍት የቀለሙ ሽታ ገና አልወጣም ነበር። ከሱቆች በላይ፣ አራት አባወራ በሚጋራው ፎቅ ላይ፣ ሁለት መኝታ፣ ሳሎን፣ ሁሉም በረዶ የመሰለ ነጭ። «ይኸውልሽ እህቴ፣ ጥንካሬው የጣሊያን፣ ውበቱ የዘመኑ» አለኝ። ባለቤቴ ግድግዳውን በቡጢ መታ መታ አድርጎ «ይሄማ ምሽግ ነው» አለ። ፈረምን።

ጉዳችንን ያወቅነው ሐምሌ ሲገባ ነው። ከመኝታ ቤቱ ቁም ሳጥን አካባቢ እርጥብ የጆንያ ሽታ መጣ። ሳጥኑን ስንከፍተው የባለቤቴ የሠርግ ሱፍ ትከሻው ላይ አረንጓዴ ሻጋታ አብቅሏል። ሳጥኑን ስበን ስናወጣው ደግሞ ከጀርባው ያለው ግድግዳ እሳት እንደፈጀው ቆዳ ውሃ ቋጥሯል። አንዱን እብጠት በጣቴ ብጫነው ፈረጠና ውሃው እስከ ክርኔ ወረደ። ከቀለሙ ሥር ዱቄት የመሰለ ነጭ ነገር አለ። ቀመስኩት፤ ጨው ነው። ባለቤቴ ግድግዳ ስልስ አይቶኝ ምን እንዳለ እዚህ አልጽፈውም።

ዘመድ ወዳጁ ሁሉ ፍርዱን ለመስጠት አልዘገየም። «በጣሊያን ጊዜ የተሠራ ቤት ገዝታችሁ ምን ልትጠብቁ ኖሯል?» እህቴማ ኮንዶሚኒየም ግዙ ብላኝ ስለነበር ደስታዋን መደበቅ አልቻለችም። እኔም ለሁለት ሳምንት አምኛቸው ነበር። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይሄኔ ነው።

ነገሩን የገለጠልን አንድ ሽማግሌ ግንበኛ ነው። ሲመጣ መዶሻውን ገልብጦ በእጀታው ግድግዳውን ከታች ወደ ላይ እያንኳኳ ሄደ። አንዳንድ ቦታ ድምፁ ድፍን ነው፤ አንዳንድ ቦታ ባዶ ጣሳ። ጣሳ ጣሳ የሚለው ላይ መሮ አስገብቶ አንዴ ቢመታው የልስኑ ቁራጭ እንደ ዳቦ ቅርፊት ተገንጥሎ ወደቀ። ሦስት ጣት ውፍረት ያለው ሲሚንቶ፣ በላዩ ጂፕሰም፣ በላዩ ፕላስቲክ ቀለም። ከኋላው ድንጋዩና ድንጋዩን ያያያዘው ኖራ ታየ። ኖራው እርጥብ ነው፤ በጥፍር ይፋቃል።

«ልጄ፣ ይሄ ግንብ የሚተነፍስ ነበር» አለኝ። «ኖራ ዝናቡን ይጠጣል፣ ጸሐይ ሲወጣ መልሶ ይተፋዋል። እናንተ አፉን ለጎማችሁት።»

«እኛ አይደለንም አባባ» አልኩት። ምን ዋጋ አለው።

አስቡት። ጅማ በዓመት ወደ 1500 ሚሊ ሜትር ዝናብ የሚወርድባት ከተማ ናት። ሲሚንቶ ግትር ነው፤ አሮጌ ግንብ ላይ ሲለጠፍ ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ ያወጣል። ውሃው በስንጥቁ ይገባል፣ መውጫ ግን የለውም። በግንቡ ውስጥ ያለውን ጨው እያሟሟ ወደ ውስጥ ይገፋል፣ እዚያ ደግሞ ፕላስቲክ ቀለም በሩን ዘግቶ ይጠብቀዋል። ይሄ አልበቃ ብሎ አዳሹ ሰፊውን የጣሪያ ክፈፍ «ዘመናዊ እንዲመስል» ቆርጦታል። ዝናቡን ከግድግዳው የሚያርቀው እሱ ነበር። ነፋስ የሚያስገቡትን የእንጨት መስኮቶችም ነቅሎ ግጥም የሚል አሉሚኒየም ተክሎበታል። ሰውየው ቤት ሳይሆን ማሰሮ ነው የሠራው፤ ክዳኑን ሳይቀር።

አንዳንዴ ሌሊት እንቅልፍ ሲነሳኝ ከደላላው ጋር በሐሳቤ እከራከራለሁ። «እህቴ፣ ሳይታደስ ባሳይሽ ትገዢው ነበር?» ይለኛል። አዎ፣ እገዛው ነበር! ጣሪያው እያፈሰሰ፣ ቀለሙ እየተላጠ እገዛው ነበር። ለእድሳቱ ተብሎ ዋጋው ላይ የተጨመረው 600 ሺህ ብር ኪሴ ውስጥ ይቀር ነበር። አሁን ያንን እድሳት ለማስነሳት ሌላ ብር እየከፈልኩ ነው። ለማበላሸቱም ለማስተካከሉም ከፋይዋ እኔ ነኝ።

ካፈርኩ አይመልሰኝ ብላ ነው ትላለች እህቴ። ትበል። እንዲህ ያለ ቤት በግል ካርታ ማግኘት ቀላል ነገር አይደለም። ጣሊያን የያዘውን ምሥራቅ አፍሪካ በስድስት ግዛት ሲከፍል የአንዱ መቀመጫ ጅማ ስለነበረች፣ ከ1928 እስከ 1933 ብዙ ተገንብቶባታል። ከዚያ የ1967ቱ አዋጅ ቁጥር 47 መጣና ትርፍ ቤት የተባለው ሁሉ የመንግሥት ሆነ፤ የቀበሌ ቤት ሆኖ የቀረው ስንቱ ነው። የእኛው የአንድ ቤተሰብ ብቸኛ መኖሪያ ስለነበር ተርፏል። ካርታውን ሳየው ልቤ ቀድሞ ፈርሟል፣ እውነቱን ለመናገር።

ሌላው ደህና ነው። ወጥ ቤቱ ወጥ ቤት ነው፤ ምጣዱም ፍሪጁም ገብቶለታል። ውሃ ሲመጣ ይመጣል። ከታች ያሉት ሱቆች ከጧት እስከ ማታ ሙዚቃ ያስጮኻሉ፣ እኛ ጋ ግን አይሰማም። መስኮቱ ላይ ለክቼዋለሁ፣ ግድግዳው 50 ሳንቲ ሜትር ነው። እህቴ ኮንዶሚኒየሟ ውስጥ ጎረቤቷ ስታስነጥስ «ይማርሽ» ትላለች።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። ነሐሴ ላይ የሳሎኑ የፕላስቲክ ምንጣፍ ጫፉ ተነሳ፤ ጎትቼ ብገልጠው ከሥሩ ጣውላ ወለል! ጠርዙ ላይ ቅንጣት ስንጥቅ የለውም። በርጩማዋ አገር ያወቃት ከተማ ውስጥ ጣውላን በፕላስቲክ የሚሸፍን ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው? ምንጣፉን በዚያው ቀን ገፍፈን አወጣነው። ወለሉን ሰም ቀብተነው አሁን ልጆቹ በካልሲ ይንሸራተቱበታል።

ጥቅምት ላይ ዝናቡ ሲያባራ ሽማግሌው ከአንድ የቀን ሠራተኛ ጋር መጣና የመኝታ ቤቱን ግድግዳ ልስን በስድስት ቀን ከውስጥም ከውጭም አወረዱት። አቧራው ሌላ ታሪክ ነው፤ ቡናችን ውስጥ ሳይቀር ገብቷል። ኖራውን በርሜል ውስጥ ዘፍዝፎ ሦስት ሳምንት አስቀመጠው። «ቶሎ አድርገው» ስለው «ሲሚንቶ የሚወድ ነው የሚቸኩለው» አለኝ። ግንቡ እርቃኑን ሆኖ ሲደርቅ ቀለሙ በየቀኑ ሲነጣ ይታይ ነበር። ከዚያ በስሱ ሦስት ጊዜ ለሰነው፣ በላዩም ኖራ ቀባው። እንደ በፊቱ አያብረቀርቅም፤ እጅ ሲነካው ልብስ ላይ ትንሽ ነጭ ያስቀራል። ሽታው ግን ጠፍቷል። ሱፉም ታጥቦ ተመልሶ ተሰቅሏል፣ ትከሻው ላይ ምልክት ቢቀርበትም።

የሳሎኑ ግድግዳና የጣሪያው ክፈፍ ይቀራል። ክፈፉ የአራታችንም አባወራዎች ስለሆነ ለመዋጮው ሁለት ጊዜ ተሰብስበን ሻይ ጠጥተን ተለያይተናል። ከሚያዝያ በፊት ካልተሠራ ጉድ ነው።

ባለፈው ሳምንት ደላላው ደወለ። ጥሩ ገዢ አለኝ፣ ባለፈው ከከፈላችሁት በላይ ይሰጣል፣ ነገ ላምጣው ወይ አለኝ። ሐምሌ ላይ አምጣው አልኩት።

«ኧረ እህቴ» አለ እየሳቀ፣ «በሐምሌ ማን ቤት ያሳያል?»