ወገቤ ውስጥ የገባው ዲስክ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ

ከአምስት ኮከብ አራት ሰጥቼዋለሁ።

ሜሪላንድ ታክሲ እነዳለሁ። ወገቤ እምቢ ካለኝ ቆይቷል። ፊዚዮቴራፒ፣ መርፌ፣ ኪኒን፣ አገር ቤት ስሄድ ደግሞ ወጌሻ፣ ያልሞከርኩት የለም። በመጨረሻ ኤል 4 እና ኤል 5 በሚባሉት የታችኛው ወገብ አጥንቶች መሃል ያለው ዲስክ፣ ማለትም እንደ ትራስ የሚያገለግለው፣ አልቋል ተባልኩ። ወይ አጥንቶቹን በብሎን አስሮ ማገጣጠም ነው ወይ ሰው ሠራሽ ዲስክ። ጎንበስ ማለት ስለምፈልግ ሁለተኛውን መረጥኩ።

ዕቃው ሁለት የብረት ሳህን ነው፣ መሃሉ ጠንካራ ፕላስቲክ። የዚህ ዓይነቱን ዲስክ በ1980ዎቹ ምሥራቅ በርሊን ካስጀመሩት ሁለት ሐኪሞች አንዷ ካሪን ቢውትነር-ያንስ ነች፣ በ1972 ሙኒክ ኦሊምፒክ በጂምናስቲክ ሁለት ወርቅ የወሰደችው! መተጣጠፍ የምታውቅ ሴት ናት። አሜሪካ የፈቀደችው በ2004 ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። ዲስኩ የሚገባው በጀርባ ሳይሆን በሆድ በኩል ነው። አንጀቱን ገፋ አድርገው፣ ወደ እግር የሚወርዱትን ትልልቅ የደም ሥሮች ወደ ጎን ስበው ነው አጥንቱ ጋ የሚደርሱት፤ ያንን መንገድ የሚከፍተው ደግሞ ብዙ ጊዜ ሌላ ሐኪም ነው። እኔ ሞኙ ስለ ጀርባ ሐኪሙ ያልጠየቅኩት ሰው የለም፣ የመንገድ ከፋቹን ስም የሰማሁት ግን በዋዜማው ነው። ደም ሥር ቢቀደድ የሚያድነኝ እሱ ነበር እኮ።

ስነቃ "ቀኝ እግሬ በረዶ ሆኗል!" ብዬ ጮህኩ። ነርሷ ሁለቱንም ዳሰሰችና ሳቀች። ቀኙ ደህና ነው፣ የሞቀው ግራው ነው። አከርካሪው ፊት ለፊት የሚያልፉ፣ የደም ሥር የሚቆጣጠሩ ነርቮች ሲነኩ እንዲህ ይሆናል አሉኝ። አስቀድሞ የነገረኝ የለም፣ አንዷ ኮከብ የሄደችው በዚህ ነው። ወንዶች ደግሞ አፍራችሁ እንዳትተዉት፣ የዘር ፈሳሽ ወደ ፊኛ የሚመለስበት ጊዜም አለ። ልጅ የምትፈልጉ ቀድማችሁ ጠይቁ።

ውጤቱ? ህመሙ ከ10 ወደ 2 ወርዷል። ጫማዬን ራሴ አስራለሁ። ከአራት ሰዓት በላይ ስነዳ ግን አሁንም ያስታውሰኛል።

ለሁሉም አይሆንም። አጥንቱ የሳሳ ሰው ላይ ብረቱ ሊሰምጥ ይችላል፣ ከኋላ ያሉት ትንንሽ መገጣጠሚያዎች ያለቁበት ሰውም ህመሙ አይለቀውም። ዲስኩን ለማውጣት በዚያው በሆድ መመለስ ከመጀመሪያው የከፋ ነው፣ ደም ሥሮቹ ከጠባሳው ጋር ይጣበቃሉ። ስለዚህ አንዳንዴ ዲስኩን እዚያው ትተው ከጀርባ በብሎን ያስሩታል።

ኢንሹራንሴ መጀመሪያ እምቢ ብሎ ሁለት ጊዜ ይግባኝ አስብሎኛል። ከ60 በላይ ከሆናችሁ ደግሞ ሜዲኬር (የአሜሪካ መንግሥት የጤና ኢንሹራንስ) ከ2007 ጀምሮ አልከፍልም ብሏል።

እግሬስ? ለወራት የግራ ካልሲዬን አውልቄ ነበር የምተኛው። አሁን ሁለቱም እኩል ናቸው።